የአቶ ወልዴ ጨጓራ

ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ባልቻን በመልኩ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ በድምፁ ግን የማያውቀው የለም። ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ በታሰረባት ባጃጅ የኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ማይክራፎኑን ከከንፈሩ ሳያርቅ፣ ከመናኸሪያው እስከ ጉብሬ መውጫ እየዞረ የሚለፍፈው እሱ ነው። የባዛር መከፈት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የውሃ መቋረጥ፣ የጠፋ በሬ፣ የተማሪዎች ምዝገባ፤ በእሱ አፍ ያላለፈ ወሬ የለም። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ጋዜጠኛ ነኝ፤ የቀረኝ ጋዜጣው ነው» ይላል። ይህን ብሎ ቀድሞ የሚስቀውም ራሱ ነው።

በራሱ የሚስቅበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ረፋዱን የጫማ ባዛር ሲያስተዋውቅ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ የእድር ጥሪ መጣለት። የሟችን ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ ሰዓቱን ሁሉ በሚገባ ሐዘን በተሞላ ድምፅ ጠራና፣ መጨረሻ ላይ ምላሱ የጠዋቱን ለምዶ ኖሮ «ይህ ዕድል እንዳያመልጥዎ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ባጃጇ በዚያ ሰፈር በኩል አላለፈችም። ባለቤቱ ፀጋ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ «እባክህ ዛሬ ዝም በል» ትለዋለች።

ልጅ ሳለ ተዋናይ መሆን ነበር ምኞቱ። የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ገብቶም ነበር፤ ነገር ግን በረኛ ሆኖ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ከማለት ያለፈ ቦታ ሰጥተውት አያውቁም። አንዴ ይህችኑ ለማሳመር ብሎ እንግዳው ከየት እንደ መጣ፣ መንገድ ላይ ምን እንደ ገጠመው ሲዘረዝር፣ እንግዳው ራሱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ «በቃህ» አለው። ሕዝቡ የዚያን ቀን እንደ ሳቀ ባልቻ ሲያወራ፣ የሳቁት በእሱ መሆኑን አይደብቅም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነብዩ የሚባል ሰው ባጃጇን አስቆመ። ነብዩ ከጎንደር መጥቶ ወልቂጤ የከረመ፣ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ነርሶችን የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። ባልቻ የምዝገባ ማስታወቂያ የመጣለት መስሎት ማይክራፎኑን እፍ እፍ አለና ተዘጋጀ።

«ጋሽ ባልቻ፣ ዛሬ የፈለግኩት ማጉያውን አይደለም፤ እርስዎን ነው» አለው ነብዩ። «በሽተኛ ሆነው እንዲሠሩልኝ ነው።»

«ደኅና ነኝ እኮ።»

«ደኅና ስለሆኑ ነው። በእውነት የታመመ ሰው እየደጋገምኩ ለፈተና አላስቀምጥም። ተማሪዎቼ የበሽተኛ ታሪክ መቀበልን ይለማመዱብዎታል። ምን እንደሚሰማዎት፣ መቼ እንደ ጀመረዎት፣ ከዚህ በፊት ምን ታመው እንደ ነበር፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ እንዳለ ይጠይቃሉ። እርስዎ ደግሞ እኔ የምሰጥዎትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ።»

ባልቻ ከዚህ ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረው «ሰው ሆነው» የሚለው ብቻ ነበር። ከበረኛነት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ሰው የለም።

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ነብዩ ትንሽ አሰበና «ከእርስዎ ሌላ ገጸ ባሕርይ የለም» አለው።

የተሰጠው ሰው አቶ ወልዴ ይባላል፤ አናጢ ነው። ከደረቱ በታች እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ሲርበው ይብስበታል፤ ወተት ሲጠጣ ትንሽ ይተወዋል። ለወገቡ እያለ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ጨጓራውን የላጠው እሱ ነው፤ ካልጠየቁት ግን አያነሳውም። ነብዩ ሁለት ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀው። አንደኛው፣ ያልተጠየቀውን እንዳይናገር። ሁለተኛው፣ ተማሪው በወልዴ ታሪክ ውስጥ የሌለ ነገር ከጠየቀ፣ ፈጥሮ እንዳይዋሽ፣ ከራሱ ከባልቻ ኑሮ እውነቱን እንዲመልስ። «ውሸት ከተደራረበ ተማሪው ይደናገራል» አለው። ባልቻ የመጀመሪያውን ሲሰማ ፊቱን አጨፈገገ። ያልተጠየቀውን ሲናገር ነው እንጀራ የበላው።

ቤቱ ሄዶ መስተዋት ፊት ሆዱን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። ፀጋ ገበያ ውላ ቆጮ የሸጠችበትን ቅጠል ስታራግፍ ሰማችውና ሮጣ ገባች።

«ምን ሆንክ?»

«ወልዴን ነው» አላት።

«ወልዴ ማነው?»

«አናጢ ነው። ጨጓራውን አሞት።»

ፀጋ ግንባሩን በመዳፏ ነካችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ቀን ለባልቻ የሚያኮራ አልነበረም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ገብቶ «ምን ልርዳዎት?» ከማለቱ ባልቻ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለል ላይ ተዘረጋ፤ እግሩንም ሁለት ጊዜ አንፈራገጠ። ልጁ ታሪክ መቀበሉን ትቶ «ሰው እየሞተ ነው» እያለ በኮሪደሩ ሮጠ። ነብዩ መጥቶ ከወለሉ አነሳው፤ አቧራውንም አራገፈለት።

«ጋሽ ባልቻ» አለው በትሕትና፣ «ጨጓራ ነው እንጂ ጥይት አይደለም የመታዎት።»

ከዚያ በኋላ ግን ለመደው። እጁን ከደረቱ በታች ማሳረፍ፣ ከመመለሱ በፊት ትንሽ መተንፈስ፣ ሲነሳ ጎንበስ ማለት ቻለበት። ነብዩ በየጊዜው እየጠራው ብዙ ተማሪዎች አለፉበት፤ ባልቻም እያንዳንዳቸውን እያየ ይገረም ጀመር። አንዱ አምስቱን ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ ጠይቆ፣ መልሱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ስድስተኛውን ይቀጥላል። አንዷ ከገባችበት እስከ ወጣችበት ዓይኗን ከወረቀቷ አላነሳችም፤ ባልቻ ተነስቶ ቢሄድም አታውቅም ነበር። አንዱ ደግሞ የሸመደደውን በተራ ሲያወርድ «የመጨረሻ የወር አበባ ያዩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ይህ በወልዴ ታሪክ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በሕጉ መሠረት ከራሱ ኑሮ መመለስ ነበረበት። «እስካሁን አላየሁም ልጄ» አለው ባልቻ። ልጁም ጻፈው።

እየዋለ እያደረ ባልቻ ራሱን መርማሪ አድርጎ ቆጠረ። ነብዩ ከፈተና በኋላ «ተማሪው እንዴት አናገረዎት?» ብሎ ስለሚጠይቀው፣ የእሱም አስተያየት ውጤት ውስጥ ስለሚገባ፣ አንገቱ ቀና አለ። ቤቱ ውስጥም አላርፍ አለ። ፀጋ «ራት በላህ?» ስትለው፣ «እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። አዎ ወይም የለም ብቻ ነው የምታገኚው ማለት ነው። ስለ ራትህ ንገረኝ ነው የሚባለው» ይላታል። ፀጋም «ስለ ራትህ ልንገርህ፤ የለም» አለችው አንድ ቀን። ያን ቀን ጾሙን አደረ።

በዚያ ሰሞን ሌላም ነገር ነበረው፤ እሱ ግን ቁም ነገር አላደረገውም። ውሃ ይጠማዋል። በትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ሳይመሽ ያልቅበትና ለስላሳ ይገዛል። «ሲለፍፍ የሚውል ጉሮሮ ነው» ይላል። ሌሊት ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ «ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቼ ወዴት ይሂድ?» ይላል። ሱሪው ሰፋው፤ ይህን እንዲያውም ወደደው። ፀጋ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ቀበቶው ላይ ስታበጅለት፣ ቦርጩ የጠፋው በጥበብ ሥራ ምክንያት እንደሆነ አስረድቷታል። አልፎ ተርፎ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ለጎረምሳ የተሰፋ ሸሚዝ ገዛና መናኸሪያው አካባቢ ለብሶት ዞረ። ያን ሸሚዝ ሲያነሳ አሁንም ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ሰፍያ የመጣችው በማጠቃለያው ፈተና ቀን ነው። የቡታጅራ ልጅ ናት፤ እናቷ እዚያ በርበሬ ይነግዳሉ። በክፍሏ ከሁሉ ዝምተኛ እንደሆነች ነብዩ ቀደም ሲል ነግሮት ስለነበር፣ ባልቻ «ይህቺስ ትወድቃለች» ብሎ አዝኖላት ጠበቃት። እሷ ግን ገብታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ ስሟን ነገረችው። ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ወንበር አንስታ ከጎኑ አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ ምን አስቸግሮዎት መጡ?»

ባልቻ የወልዴን ማቃጠል ነገራት። ጻፈች። ቀና አለችና ዝም አለች። ባልቻ ሌላ ጥያቄ ጠበቀ፤ አልመጣም። ዝምታ ደግሞ በዚህ ምድር ላይ የማይችለው ነገር ነው። ባጃጇ ስትበላሽ እንኳ ከሹፌሩ ጋር ሲያወራ ነው የሚጠግኗት። ትንሽ ቆይቶ ከአፉ «ሲርበኝ ይብሳል» የሚለው አመለጠው። አሁንም ዝም አለች። «ወተት ሲሆን ይተወኛል» አለ። ሳይጠየቅ ግማሹን ወልዴን አስረከባት፤ ጠርሙሱን አንስቶም ውሃውን ተጎነጨ።

ሰፍያ ጠርሙሱን አየች። «ውሃ ይጠማዎታል?»

ይህ በወልዴ ታሪክ ውስጥ አልነበረም። ባልቻ ሕጉን አሰበና «አዎ» አለ።

«ሌሊትስ ለሽንት ይነሳሉ?»

«እነሳለሁ።»

«ልብስዎ ሰፍቶዎታል?»

ባልቻ ሳያስበው እጁን ቀበቶው ላይ አደረገ። «ትንሽ።»

«በቤተሰብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ነበር?»

ወልዴ ቤተሰብ አልተሰጠውም ነበር። ስለዚህ ባልቻ ስለ እናቱ መናገር ግድ ሆነበት። ትውልድ አገሩ አገና ውስጥ እንሰት ስትፍቅ እግሯን ትንሽ ነገር ወጋት፤ ቁስሉ አልድን አለ፤ መጀመሪያ ጣቷ፣ ቀጥሎ እግሯ ጠቆረ። «እግሯን ነው ያመማት» ይሉ ነበር ሰዎቹ። እሷም ውሃ እየለመነች ሞተች። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ በማጉያ ሲናገር የኖረው ሰው ይህን ሲናገር ድምፁ ከከንፈሩ አላልፍ አለ። ሰፍያ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር የምትሰማው። በዚህ መሃል ደወሉ ተደወለ፤ የጨጓራውን ጥያቄዎች ሳትጨርስ ጊዜዋ አለቀ።

ነብዩ አስተያየቱን ሲጠይቀው ባልቻ ተቆጥቶ ነበር የጠበቀው። የተቆጣበትን ምክንያት ራሱም አያውቀውም።

«ልጅቷ ከመንገድ ወጣች» አለ። «ወልዴን ትታ ባልቻን መጠየቅ ጀመረች። እንዲህ ያለ ሥራ አለ?»

ነብዩ ሳቀ። «ስለ ወገብ ማስታገሻው ጠየቀችዎት?»

«አልደረሰችበትም።»

«እንግዲያው ነጥብ ይቀነስባታል» አለና ጻፈ።

ባልቻ ተደሰተ። ከኮሌጁ በር ሳይርቅ ግን ሰፍያ ከኋላው ደረሰችበት። ሻርፗን እያስተካከለች፣ መሬት መሬት እያየች ቆመች።

«ጋሽ ባልቻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ፈተናው አልጠይቅም፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ውሃ የሚጠማው አቶ ወልዴ ነው ወይስ እርስዎ?»

ባልቻ ፈገግ አለ። ለምን እንደ ዋሸ እስከ ዛሬ ሲጠይቁት «ፈራሁ» ይላል፤ ያኔ ግን ብልህ የሆነ መስሎት ነበር።

«ወልዴ ነው» አላት። «መምህርህ በደንብ አጥንቶ ነው የጻፈው።» ደንግጦ «መምህርሽ» በማለት ፈንታ «መምህርህ» ማለቱን ልብ ያለው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሰፍያ ራሷን ነቀነቀች። ያመነችው አትመስልም፤ ግን ትልቅ ሰው አትሞግትም።

«እንግዲያውስ አቶ ወልዴን ካገኙት የደሙን ስኳር እንዲያስመረምር ይንገሩልኝ» አለችው። «ጣት ላይ ትንሽ መውጋት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።»

«እነግረዋለሁ» አለ ባልቻ።

አልነገረውም። ከወልዴ ጋር ሌት ተቀን አብሮ እየኖረ አልነገረውም። ይልቁንስ ውሃውን ሲጠጣ ዙሪያውን ያይ ጀመር፤ ሰፍያ የሆነ ቦታ ቆማ የምታየው ይመስለዋል። ዝናቡ ሲበረታም ዓይኑ ይደበዝዝበት ጀመር። አንድ ቀን በአረቅጥ ከተማ የሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ እንዲያስተዋውቅ ወረቀት ተሰጠው። ፊደሉ ተደባለቀበት፤ አንገቱን ቢያዘነብል፣ ወረቀቱን ቢያርቅ አልሆነም። በግምት «በአገና» ብሎ ለፈፈው። ጎረምሶቹ ሚኒባስ ሞልተው አገና ሄዱ። እዚያ ያገኙት ገበያና ጭቃ ነበር። ሲመለሱ ባጃጇን ከብበው ያሉትን ባልቻ ሲያወራ እንኳ ሙሉውን አይናገረውም።

ፀጋ ሰማች። ማታውን ምንም አላለችም። ሲነጋ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ተነስ። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ለነርሷ ንገራት እሱን።»

ነርሷ ሴት አልነበረችም፤ ናጃህ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት በጉራጊኛ ካርዴ ጠፋ እያለች ትከራከራለች። ፀጋ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረች፤ ባልቻ ብቻውን ገባ። እዚህ ከወለሉ ላይ የሚያነሳው ነብዩ የለም፤ ደወልም የለም። ናጃህ ቀና ብሎ «አባባ፣ ምን አስቸገረዎት?» አለው።

ባልቻ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ወልዴ ነበር።

«ከደረቴ በታች እንደ እሳት ያቃጥለኛል» አለ፤ እጁም ራሷ ሄዳ ቦታዋን ያዘች። «ሲርበኝ ይብስብኛል። ወተት ስጠጣ ይተወኛል።»

ራሱን እየሰማ ነው። ዝም በል ቢለው ምላሱ አልሰማ አለው። ናጃህ ፊቱ በራ። ከጠዋት ጀምሮ «እዚህም እዚያም ያመኛል» የሚል ሰው ሲያስተናግድ ቆይቶ፣ እንዲህ በሥርዓት የሚናገር በሽተኛ ሲያገኝ ደስ አለው። መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀው፤ ባልቻ የወገቡን ማስታገሻ ነገረው። ሥራውን ጠየቀው።

«አናጢ» አለ ባልቻ።

ይህን ሲል ጆሮው ጋለ። ቢሆንም አልመለሰውም፤ አንዴ የጀመረውን ገጸ ባሕርይ መሃል ላይ መተው ነውር መሰለው። ናጃህ ሁሉንም ጻፈና ወደ ሐኪሟ አሳለፈው። እሷም የተጻፈውን አንብባ፣ ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ፣ ባልቻም በትክክለኛው ቦታ ላይ «እህ» ብሎላት፣ የጨጓራ መድኃኒት አዘዘችለት። እንዲህ ያለ ጥሩ ትወና በሕይወቱ አልሠራም። ጭብጨባ ብቻ ነው የጎደለው።

ፀጋ በአግዳሚው ላይ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«ጨጓራ።»

«የማን ጨጓራ?»

ባልቻ መድኃኒቱን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ።

«አንተ ከሚጥሚጣ ጋር ድንጋይ ብትበላ የማያምህ ሰው ነህ» አለች ፀጋ። «ስለ ውሃው ነገርካቸው?»

«አልጠየቁኝም።»

«ስለ ሌሊቱስ? ስለ ዓይንህስ?»

ፀጋ ክንዱን ይዛ ሰውን እየሰነጠቀች መልሳ ናጃህ ፊት አቆመችው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ቢያጉረመርሙም «ታሟል፤ አፉን ነው» አለቻቸው።

«ወንድሜ» አለ ባልቻ ለናጃህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅድም የነገርኩህ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የአቶ ወልዴ ነው።»

«አቶ ወልዴ የት ናቸው?»

«የሉም።»

ናጃህ ብዕሩን አስቀመጠና በርኅራኄ ተመለከተው። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ማነው? አሁን ያሉበትን ቦታ ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀው። ባልቻ ይህ ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብ ከኮሌጁ ያውቃል፤ አእምሮው ለተነካ ሰው ነው። ያፈረውን ያህል ሳቁ መጣበት። ከዚያ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ነብዩ፣ ስለ አናጢው ሁሉ እየተንተባተበ አስረዳው። የወልዴን በሽታ እንደ ውሃ ያወረደው ሰው የራሱን መናገር አቃተው። ከጥማቱ ጀምሮ ወደ ሸሚዙ ገባ፤ ከሸሚዙ ወደ እግር ኳሱ ወጣ፤ መቼ እንደ ጀመረው ሲጠየቅ «ከፋሲካ ወዲህ ይሆናል፤ ወይ ከዚያ በፊት» አለ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቢሰማው ይህን በሽተኛ ከፈተናው አባሩት ይል ነበር። የቀረውን ፀጋ ሞላችለት፤ የረሳውን አስታወሰችው፤ የዋሸውን አረመችው። በመጨረሻ የእናቱን እግር ራሱ ተናገረ።

ናጃህ ከዚህ በኋላ አልጠየቀም። ጣቱን ወጋውና የደሙን ጠብታ ትንሿን መሣሪያ አስነካት። አየው። እንደገና በሌላ ጣት ደገመ። ከዚያ የጨጓራውን መድኃኒት ከባልቻ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደው።

«ስኳር ነው» አለ። «በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬ ቤትዎ አይሄዱም።»

ወደ ሆስፒታል ላኩት፤ ጥቂት ቀን ተኛ። እዚያ ስንትና ስንት ሰው ታሪኩን ጠየቀው፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። ባልቻም ስሙንና ሥራውን ሲናገር በየጊዜው ቆም ብሎ ራሱን ይመረምር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አናጢ ሊል ሲል ፀጋ ክንዱን ቆነጠጠችው። ዓይኑ እየጠራ መጣ፤ መድኃኒቱን ለመደው፤ ለስላሳውን ተወ። እግሩን በየማታው ገልብጦ ማየት እንዳለበት ሲነግሩት አልቀለደም።

ሲሻለው ኮሌጁ ሄዶ ለነብዩ ሁሉንም ነገረው። ነብዩ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ሰፍያ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ቡታጅራ ተመልሳ ነበር፤ የስልክ ቁጥሯን ከነብዩ ተቀብሎ ደወለላት።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ባልቻ ነኝ፣ ከወልቂጤ» አለ። ከዚያ ሊናገር ያሰበው ረጅም ነገር ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያጠናው ነበር የመጣው። ሁሉም ጠፋበት። «ጣቴን ተወጋሁ» አለ ብቻ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰፍያ። ቀጥላም ምን መድኃኒት እንደ ጀመረ፣ ምግብ በሰዓቱ ይበላ እንደሆነ፣ እግሩን ያይ እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። መጨረሻ ላይ ነጥቧ በእሱ ምክንያት እንደ ተቀነሰ ሊነግራት ፈለገ። «አውቃለሁ፤ ስለ ማስታገሻው አልጠየቅኩም። ስህተቴ ነው» አለችው ቀድማ።

ነብዩ በሚቀጥለው ዙር የስኳር በሽተኛ ሆኖ እንዲሠራለት ለመነው። ከእሱ የተሻለ ማን ይገኛል? ባልቻ ተቀመጠ፤ ተማሪዋ ገባች፤ ጠየቀችው። ምንም አልጨመረም፣ አላቃሰተም፣ የሆነውን ብቻ ተናገረ። ተማሪዋ ስትወጣ ለነብዩ «በሽተኛው ብዙም አልተዋጣላቸውም፤ የታመሙ አይመስሉም» ብላ አስተያየት ሰጠች። ይህን ባልቻ መናኸሪያው ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ይነግራል።

ከዚያ በኋላ ያሰበው ታላቅ ወንድሙን ሰብስቤን ነበር። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በሽታው በዘር እንደሚሄድ ደጋግመው ነግረውታል። በሚኒባስ አገና ወጣ። ሰብስቤ ጓሮው ውስጥ እንሰት ሲኮተኩት አገኘው። ባልቻ ወንበር ከጎኑ ማስቀመጥን፣ ዝም ብሎ መጠበቅን ሁሉ ሲያስብ ነበር የሄደው፤ ሲደርስ ግን «ውሃ ይጠማሃል? ሌሊት ትነሳለህ? ከስተሃል? እግርህን አሳየኝ» ብሎ ባንድ ትንፋሽ አወረደበት።

ሰብስቤ መኮትኮቻውን ተደግፎ ቆመ። «ደግሞ ይህን በባጃጅ ልታውጀው ነው?» አለው።

ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ለመነው፤ ሰብስቤ በጄ አላለም። በመጨረሻ ቆርቆሮ መግዛት ስለ ነበረበት ወልቂጤ ወረደና፣ «ከመጣሁ አይቀር» ብሎ ጣቱን ለናጃህ ሰጠ። ሁለቱ ወንድማማቾች መሣሪያዋን ጎንበስ ብለው አዩ። ሰብስቤ ምንም የለበትም፤ ናጃህ «የጎረምሳ ደም ነው» አለው።

ባልቻ ደስታውን ሳይጨርስ ሰብስቤ ቆርቆሮውን አስጭኖ ተመለሰ። አገና ሲደርስም ለጎረቤቱ፣ ለገበያተኛው፣ ለሚኒባስ ረዳቱ ሁሉ የሐኪም ማስረጃ እንዳለው ነገረ፤ ስኳር የሚባለው በሽታ ብዙ ከማውራት እንደሚመጣ፣ ከቤታቸውም የያዘው ታናሹን ብቻ መሆኑን አስረዳ። ባልቻ ይህን የሰማው ከአገና በመጣ ተሳፋሪ ነው። በማጉያው ሊያስተባብል ፈልጎ ነበር፤ ፀጋ ከለከለችው።